እርሾ ውስጥ ራይቦዞም የንባብ ፍሬሙን የሚቀይረው እንዴት ነው?

ጥያቄው ጅማ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ከሚያስተምሩ መምህርት የመጣ ነው። «ፍሬም ሺፍት ማለት ፕሮቲንን የሚያበላሽ ሚውቴሽን ነው ብዬ አስተማርኩ። አንድ ተማሪዬ ግን እርሾ ውስጥ ራይቦዞሙ ራሱ ፍሬሙን እንደሚቀይርና ይህም ጥቅም እንዳለው አንብቦ መጣ። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? ራይቦዞሙስ የት ላይ መንሸራተት እንዳለበት በምን ያውቃል? በትምህርት ቤታችን አቅም ለልጆቹ ላሳያቸው የምችለው ነገር ካለም ቢነግሩኝ።»

ምላሽ

እርስዎም ተማሪዎም ልክ ናችሁ፤ የያዛችሁት ግን ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው። እርስዎ ያስተማሩት ዲኤንኤ ላይ ስለሚደርስ ለውጥ ነው። አንድ ፊደል ሲጎድል ወይም ሲጨመር ከዚያ ጂን የሚገለበጠው ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲን ለመሥራት የሚነበበው ቅጂ) ሁሉ ተዛንፎ ይወጣል። ተማሪዎ ያነበበው ደግሞ ዲኤንኤውም ኤምአርኤንኤውም ምንም ሳይሆኑ፣ አንባቢው ራይቦዞም (ፕሮቲን የሚሠራው የሴል ማሽን) አንድ የታወቀ ቦታ ሲደርስ አንድ ፊደል ወደፊት ወይም ወደኋላ ስለመንሸራተቱ ነው። ሚውቴሽን ሁሉንም ቅጂ ይነካል። የራይቦዞሙ መንሸራተት ግን በዚያ ቦታ ከሚያልፉት ራይቦዞሞች የተወሰነውን ድርሻ ብቻ ነው የሚመለከተው፤ የቀሩት እንደተለመደው አንብበው ያልፋሉ። ይህን «ድርሻ» የሚለውን ቃል አደራ ይያዙልኝ። ሴሉም ቫይረሱም የሚጠቀሙት በእሱ ነው።

ፍሬም ምን እንደሆነ ለማስያዝ ሰሌዳ ላይ ይህን ይጻፉላቸው፦ «አበራ ቡናን ቆልቶ ወቅጦ ሰጠን»። ቃላቱ ሁሉ ባለ ሦስት ፊደል ናቸው። ክፍተቶቹን አጥፍተው ሦስት ሦስት እያደረጉ ያስነብቧቸው። «ቡናን» ካሉ በኋላ አንድ ፊደል ዘለው ቢቀጥሉ «አበራ ቡናን ልቶወ ቅጦሰ ጠን» ይሆናል። ኤምአርኤንኤም እንዲሁ ክፍተት የለውም፤ ከየት ጀምሮ ሦስት ሦስት እንደሚቆጠር ብቻ ነው ትርጉሙን የሚሰጠው። ይህንን በሙከራ ያረጋገጡት ፍራንሲስ ክሪክ፣ ሲድኒ ብሬነርና ባልደረቦቻቸው በ1961 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው)። ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቲ4 በተባለ ቫይረስ ጂን ላይ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ሲጨመር ጂኑ ይበላሻል፤ ሦስት ሲጨመር ግን መልሶ ይሠራል። በሰሌዳው ዓረፍተ ነገር ላይ ሦስት ፊደል አስዘልለው ቢያስነብቧቸው ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ራይቦዞሙ ይህን ቆጠራ እንዴት ሳይስት እንደሚጠብቅ ካልታየ መንሸራተቱም አይገባም። ሦስት መቀመጫዎች አሉት፤ ኤ ሳይት፣ ፒ ሳይት እና ኢ ሳይት ይባላሉ። አዲሱ ቲአርኤንኤ (የፕሮቲን መሥሪያ አሚኖ አሲዶችን የሚያመላልሰው ሞለኪዩል) አሚኖ አሲዱን ይዞ ኤ ሳይት ላይ ይገባል። ፒ ሳይት ላይ የተቀመጠው እያደገ ያለውን የፕሮቲን ሰንሰለት የተሸከመው ነው። ሥራውን የጨረሰው ደግሞ በኢ ሳይት በኩል ይወጣል። እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ከተጨመረ በኋላ ኢኢኤፍ2 የተባለው ፕሮቲን ሁሉንም ሦስት ፊደል ያሳልፋል። ፍሬሙን የሚይዘው በዋናነት ፒ ሳይት ላይ ያለው ቲአርኤንኤ ከኮዶኑ፣ ማለትም ከሚያነበው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ጋር ያለው ቁርኝት ነው፤ እሱ ካልተላቀቀ ቆጠራው አይዛነፍም። በተለመደው ቦታ ይህ ጥበቃ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ራይቦዞም ፍሬም የሚስተው ከአሥር ሺህ ኮዶኖች አንድ ጊዜ እንኳ በማይሞላ መጠን ነው።

አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ላንሳ፤ የጤና ተማሪዎች ይወዱታል። ኢኢኤፍ2 ላይ ዲፍታማይድ የሚባል ለየት ያለ የአሚኖ አሲድ ቅርጽ አለ። የዲፍቴሪያ መርዝ ሰውን የሚጎዳው ይህንኑ ቦታ አጥቅቶ የፕሮቲን ሥራውን በማስቆም ነው። ለረጅም ጊዜ የዲፍታማይድ የራሱ ጥቅም ግልጽ አልነበረም። ዲፍታማይድ የሌላቸው እርሾዎች ሲመረመሩ ግን ራይቦዞሞቻቸው ወደኋላ መንሸራተት እንደሚያበዙ ታየ። ቆጠራውን ከሚጠብቁት አንዱ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ እርሾው እንግባ። ከሁሉ የተሻለ የተጠናው ቲዋይ1 ነው። ቲዋይ1 በእርሾ ጂኖም ውስጥ ራሱን በአርኤንኤ በኩል እየገለበጠ ከቦታ ቦታ የሚዛመት የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ማለትም ሬትሮትራንስፖዞን ነው። ሁለት ጂኖች አሉት። ጋግ የተባለው ቲዋይ1 አርኤንኤውን የሚያሽግበትን ቫይረስ መሰል ቅንጣት የሚሸፍነውን ፕሮቲን ይሰጣል፤ ፖል የተባለው ደግሞ ኢንዛይሞቹን፣ በተለይም አርኤንኤን መልሶ ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠውን። ፖል ግን የራሱ የመነሻ ኮዶን የለውም። ፍሬሙም ከጋግ በአንድ ፊደል ወደፊት የተዛነፈ ነው፤ ሁለቱ 38 ፊደል ላይ ይደራረባሉ። ስለዚህ ፖል የሚሠራው ራይቦዞሙ ጋግን ሊጨርስ ሲል አንድ ፊደል ወደፊት ከተንሸራተተ ብቻ ነው፤ ያኔ ጋግና ፖል የተቀጣጠሉበት አንድ ረጅም ፕሮቲን ይወጣል።

በ1990 ከፊሊፕ ፋራባው ቤተ ሙከራ የወጣው ሥራ ለዚህ የሚያስፈልገው ሰባት ፊደል ብቻ መሆኑን አሳየ፦ ሲዩዩ–ኤጂጂ–ሲ (የአርኤንኤ ፊደላት ኤ፣ ዩ፣ ጂ እና ሲ ናቸው)። እዚህ ላይ ዝግ ብለን እያንዳንዷን እርምጃ እንከተል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና።

ራይቦዞሙ ሲዩዩ ላይ ሲደርስ ሊውሲን የተሸከመ ቲአርኤንኤ ይገባል፤ አንቲኮዶኑ (ኮዶኑን የሚይዝበት ሦስት ፊደል) ዩኤጂ ነው። ይህ ቲአርኤንኤ መራጭ አይደለም፤ በሲዩ የሚጀምሩትን አራቱንም የሊውሲን ኮዶኖች ይይዛል። ከሲዩዩ ጋር ያለው ቁርኝት ሦስተኛው ፊደል ላይ ደካማ ነው። ከዚያ ወደ ፒ ሳይት ያልፍና ኤ ሳይት ላይ ኤጂጂ ይቀርባል። ኤጂጂ አርጂኒን የሚጠራ ኮዶን ነው፤ እርሾ ውስጥ ግን እሱን የሚያነበው ቲአርኤንኤ እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ቲአርኤንኤዎች ብዙ የጂን ቅጂ ሲኖራቸው ይህኛው ያለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ኤ ሳይት ባዶውን ይጠብቃል።

በዚያ ጥበቃ መካከል ፒ ሳይት ላይ ያለው የሊውሲን ቲአርኤንኤ ከሲዩዩ ለቅቆ አንድ ፊደል ወደፊት፣ ዩዩኤ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ዩዩኤም የሊውሲን ኮዶን ነው፤ ከአንቲኮዶኑ ጋርም በደንብ ይጣመራል። እንደተንሸራተተ ኤ ሳይት ላይ የሚቀርበው ኤጂጂ መሆኑ ይቀርና ጂጂሲ ይሆናል፤ ግላይሲን ማለት ነው። የግላይሲኑ ቲአርኤንኤ ደግሞ እርሾ ውስጥ ሞልቷል። ወዲያው ይገባል፣ ሰንሰለቱ ይቀጥላል፣ አዲሱ ፍሬም ይጸናል። መሀል ላይ የተዘለለችው አንዲት ኤ ሳትነበብ ትቀራለች።

እንግዲህ «በምን ያውቃል?» ላሉኝ፦ ራይቦዞሙ አያውቅም፣ አይወስንምም። እዚያ ቦታ ላይ የሁለት ጊዜያት ፉክክር አለ። ብርቅ የሆነው የአርጂኒን ቲአርኤንኤ ቀድሞ ከደረሰ ንባቡ በቀድሞው ፍሬም ይቀጥላል፤ ከዘገየና የሊውሲኑ ቀድሞ ከተንሸራተተ ፍሬሙ ይቀየራል። ቲዋይ1 ላይ ይህ ፉክክር የሚንሸራተቱትን እስከ 40 በመቶ ያደርሳቸዋል። ከተለመደው የስህተት መጠን ጋር ሲተያይ በሺዎች እጥፍ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተራ ሰባት ፊደል ነው።

ፉክክር መሆኑን እርግጠኛ የሚያደርገን ሚዛኑን ከሁለቱም በኩል ነክተው ያዩት ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ብርቁን የአርጂኒን ቲአርኤንኤ እርሾው አብዝቶ እንዲሠራ ሲደረግ መንሸራተቱ ወረደ፣ የቲዋይ1 መዛመትም አብሮ ወረደ። ይህ የሚጠበቅ ነበር። በ1993 የወጣው ሥራ ደግሞ የዚያን ቲአርኤንኤ ብቸኛ ጂን አጠፋ። መንሸራተቱ ወደ መቶ በመቶ ተጠጋ። ፖል በገፍ ተሠራ ማለት ነው። መዛመቱ ግን ይጨምራል ሲባል በጣም አሽቆለቆለ። ለምን? ቅንጣቱን ለመገንባት ብዙ ጋግና ጥቂት ጋግ-ፖል ያስፈልጋል፤ ጋግ ለብቻው ካልተገኘ ሽፋኑ አይቆምም። እኔ ይህን ጉዳይ ሳስተምር ከዚህ ሙከራ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ተማሪዎች «መንሸራተት ጥቅም ካለው ብዙው ይሻላል» ብለው ሲገምቱ ውጤቱን ባይነግሯቸውና ራሳቸው እንዲያስቡት ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።

ወደኋላ መንሸራተትም አለ፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ምሳሌው ኤል-ኤ የተባለው የእርሾ ቫይረስ ነው። ጂኖሙ ድርብ ሰንሰለት አርኤንኤ ነው፤ ከሴል ወጥቶ አይዛመትም፣ እርሾዎቹ ሲከፋፈሉና ሲዳቀሉ ብቻ ይተላለፋል። እሱም ጋግና ጋግ-ፖል ይሠራል፤ እዚህ ግን ራይቦዞሙ አንድ ፊደል ወደኋላ መመለስ አለበት። የሚንሸራተትበት ቦታ ጂ–ጂጂዩ–ዩዩኤ ነው። ሁለት ቲአርኤንኤዎች፣ አንዱ ጂጂዩ ላይ አንዱ ዩዩኤ ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ አብረው አንድ ፊደል ወደኋላ ይመለሳሉ። አሁን የተቀመጡት ጂጂጂ እና ዩዩዩ ላይ ነው። ልብ ብለው ቢያዩት የሁለቱም ኮዶኖች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት እንደነበሩ ናቸው፤ ስለዚህ ቁርኝቱ ብዙም አልተጎዳም። ይህን የሁለት ቲአርኤንኤ መንሸራተት በመጀመሪያ የቀረጹት ታይለር ጃክስና ሃሮልድ ቫርመስ በ1980ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ራውስ ሳርኮማ በተባለው የዶሮ ቫይረስ ላይ ባደረጉት ጥናት ነው።

ተንሸራታች ፊደል ብቻውን ግን ብዙ አያመጣም። ከቦታው ጥቂት ፊደል ወረድ ብሎ ኤምአርኤንኤው ራሱ ላይ ታጥፎ የሚሠራው ቋጠሮ አለ፤ ፕሲዶኖት ይባላል። ኤምአርኤንኤ ወደ ራይቦዞሙ የሚገባበት መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ ቋጠሮው ሳይፈታ አያልፍም። ራይቦዞሙ ሊፈታው ሲታገል ልክ ተንሸራታቹ ፊደል መቀመጫዎቹ ላይ ሆኖ ይዘገያል፤ ውጥረቱም ወደኋላ ይስበዋል። በቋጠሮውና በተንሸራታቹ ፊደል መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ፊደል ቢረዝም ወይም ቢያጥር መንሸራተቱ ይወድቃል። መዘግየት ብቻውን አይበቃም፤ በትክክለኛው ቦታ ላይ መዘግየት ነው የሚፈለገው።

ኤል-ኤ ላይ የሚንሸራተተው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም፤ 1.9 በመቶ ገደማ ነው። የቫይረሱ ሽፋን 120 የጋግ ቅጂዎች አሉት። ከ120 ላይ 1.9 በመቶውን ብናሰላ ሁለት ገደማ ይመጣል። በየቅንጣቱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጋግ-ፖል ካለ አርኤንኤውን የሚገለብጠው ኢንዛይም አለ፣ ሽፋኑም አልተዛባም። ጆናታን ዲንማንና ሪድ ዊክነር በ1992 ይህን ድርሻ ከፍም ዝቅም አድርገው ሲሞክሩ፣ በኤል-ኤ ላይ ተደግፎ የሚኖረው ኤም1 የተባለው ሁለተኛ አርኤንኤ ከእርሾው ጠፋ። ኤም1 ሌሎች እርሾዎችን የሚገድል መርዝ የሚሠራው ነው። ይህ «ገዳይ እርሾ» ከ1963 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ኤችአይቪም ጋግ-ፖሉን የሚሠራው በዚሁ ወደኋላ በመንሸራተት መንገድ ስለሆነ፣ ድርሻውን ማዛባት መድኃኒት ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ከእርሾው ሥራ ነው ብዙ ጉልበት ያገኘው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጥገኞች ነው። እርሾው ለራሱም ይጠቀምበታል፤ ለተማሪዎ ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ይህ ይመስለኛል። ፖሊአሚን የሚባሉት ትናንሽ ሞለኪዩሎች (ስፐርሚዲን አንዱ ነው) ለሴል ያስፈልጋሉ፣ ሲበዙ ግን ይጎዳሉ። እነሱን የሚሠራው የመጀመሪያው ኢንዛይም ኦርኒቲን ዲካርቦክሲሌዝ ነው። ይህን ኢንዛይም ይዞ ወደ ፕሮቲን ማፍረሻው፣ ወደ ፕሮቲያዞም የሚወስድ አንቲዛይም የተባለ ፕሮቲን አለ። የአንቲዛይሙ ጂን፣ ኦኤዜድ1፣ መሀሉ ላይ ዩጂኤ የተባለው የማቆሚያ ኮዶን አለበት። ፖሊአሚን ሲያንስ ራይቦዞሙ እዚያ ያቆማል፤ የሚሠራ አንቲዛይም የለም፣ ኢንዛይሙም ሥራውን ይቀጥላል። ፖሊአሚን ሲበዛ ራይቦዞሙ የማቆሚያውን የመጀመሪያ ፊደል ዘሎ በአዲሱ ፍሬም ያልፋል፤ ሙሉው አንቲዛይም ይወጣና ኢንዛይሙን ያስፈርሰዋል። የተሠራው ነገር መጠን ራሱ የመሥሪያውን ሂደት በመንሸራተት በኩል ይቆጣጠራል። በሰውም ውስጥ ተመሳሳይ አሠራር አለ።

የክሮሞዞም ጫፍ ከሚጠብቀው ቴሎመሬዝ ክፍሎች አንዱ የሆነው ኢኤስቲ3ም ሙሉ የሚሆነው አንድ ፊደል ወደፊት በመንሸራተት ነው፤ ይህ በ1997 ተገኘ።

መንሸራተት ሁሉ የታቀደ ነው ብለው እንዳያስተምሩ ግን እለምናለሁ። ሲጂኤ የተባለው የአርጂኒን ኮዶን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሲመጣ እርሾ ውስጥ ራይቦዞሞች ይቆማሉ፣ ከኋላ የሚመጡትም ይጋጯቸዋል። ያኔ ኤምቢኤፍ1 የተባለው ፕሮቲን ከሌለ ፍሬሙ ይዛነፋል። ሴሉ እንዲህ ያለውን መንሸራተት ለመከላከል የተለየ መሣሪያ መያዙ ነገሩ በየትም ቦታ የሚፈለግ እንዳልሆነ ያሳያል።

አሁን ወደ ክፍልዎ። በባለሙያ ቤተ ሙከራ ድርሻው የሚለካው ሁለት ብርሃን ሰጪ ኢንዛይሞችን በመካከላቸው ተንሸራታቹን ቦታ አድርጎ በማቀጣጠል ነው፤ ሁለተኛው የሚበራው ፍሬሙ ከተቀየረ ብቻ ነው። ይህ መሣሪያ ትምህርት ቤት ውስጥ አይገኝም። ያለ ምንም ወጪ ሊሠሩት የሚችሉትና እኔም አስቀድሜ የምመክረው ግን የወረቀት ሥራ ነው። የእርሾ ጂኖም በ1996 ተነብቦ አልቋል፤ ሳካሮማይሰስ ጂኖም ዳታቤዝ ላይ ማንም በነጻ ያገኘዋል። ኤቢፒ140 የተባለውን ጂን ይፈልጉና ቅደም ተከተሉን አትመው ያድሏቸው። በኮዶን ሠንጠረዥ እየተረጎሙ ሲሄዱ ያው የቲዋይ1 ሰባት ፊደል፣ ሲቲቲኤጂጂሲ፣ ይገጥማቸዋል (ዲኤንኤ ስለሆነ ዩ በቲ ይተካል)። በቀድሞው ፍሬም ከቀጠሉ የማቆሚያ ኮዶን ያስቆማቸዋል፤ ኤዋን ዘለው ከጂጂሲ ከቀጠሉ ረጅም ፕሮቲን ይከፈትላቸዋል። ጂኖሙ መጀመሪያ ሲነበብ ይህ ቦታ ሁለት ጎረቤት ጂኖች ተብሎ ነበር የተመዘገበው። ከመንሸራተቻው በኋላ ያለው ክፍል ደግሞ ቲአርኤንኤዎች ላይ ሜቲል የሚጨምር ኢንዛይም ሆኖ ተገኘ። ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሞለኪዩል የሚያስተካክል ኢንዛይም ራሱ በፍሬም መንሸራተት ነው የሚወለደው። ከመርካቶ ሱቅ የሚገዙት ደረቅ የዳቦ እርሾ ያው ሳካሮማይሰስ ሴሬቪሲዬ ስለሆነ ይህን ሥራ ሊጥ ውስጥም ይሠራዋል።

በዓይን የሚታይ ከፈለጉ የገዳይ እርሾ ሙከራ አለ። ከተለያዩ ጠጅ ቤቶች ጥቂት አምቡላ ይሰብስቡና አጋር (ጀርም የሚበቅልበት ጄሊ) ላይ አሰራጭተው እርሾዎቹን ለየብቻ ያውጡ። ባክቴሪያ እንዳያስቸግር ክሎራምፌኒኮል ከቤተ ሙከራ ካገኙ ጥሩ ነው፤ የባክቴሪያን ራይቦዞም ሲያግድ የእርሾውን የሳይቶፕላዝም ራይቦዞም አይነካም፤ ይህ በራሱ አንድ ትምህርት ነው። ከዚያ አንዱን እርሾ በቀጭኑ ሳህኑ ላይ ያነጥፉና ሌሎቹን ነጥብ ነጥብ አድርገው ያኑሩበት። አጋሩ አሲዳማ፣ ፒኤች 4.5 ገደማ፣ ጥቂት ሜቲሊን ብሉም ያለበት ይሁን። መርዙ ሙቀት ስለማይወድ ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ የጅማ አየር ለዚህ ይስማማል፣ ኢንኩቤተር አያስፈልግዎትም። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ በአንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ቀለበት፣ ጠርዙም በሞቱ ሴሎች ሰማያዊ የሆነ ካዩ ገዳይ አግኝተዋል። ሁሉም እርሾ ለመርዙ ተጋላጭ ስላልሆነ የሚነጠፈውን እየቀያየሩ ሁሉንም በሁሉም ላይ ይሞክሩ።

ይህ ሙከራ መንሸራተቱን በቀጥታ አያሳይም። የሚያሳየው መርዙን ነው፤ መርዙን የሚሠራው ኤም ቫይረስ (ኤም1 ወይም መሰሉ) ከሆነ ግን ያለ ኤል-ኤ ጋግ-ፖል መኖር አይችልም። ስለዚህ አንድ ማጣሪያ ይጨምሩ፦ ገዳዩን እርሾ 37 ዲግሪ ላይ ደጋግመው ያሳድጉትና እንደገና ይፈትኑት። ገዳይነቱ ከቀረ ኤም ቫይረስ ከሴሉ ወጥቷል። ካልቀረ መርዙ ከእርሾው ከራሱ ክሮሞዞም የሚመነጭ ሊሆን ስለሚችል ያንን ዝርያ ለዚህ ትምህርት አይጠቀሙበት።